ጓሯችንን ላነጠፈችልን እህት፣ ከእናቴና ከእኔ

ትናንት ከዝናቡ በኋላ እናቴ ምርኩዟን ይዛ፣ ማንም ሳይደግፋት ጓሮ ወጣች፤ ለቡናዋ ጤና አዳም ቆርጣም ተመለሰች። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ቸኩዬ አመስግኜ ስላፈርኩ፣ ክረምቱ እስኪፈትነው ጠበቅሁ። ይኸው ሐምሌ ገባ፤ ጓሯችንም እንዳለ አለ።

ቤታችን አያት አካባቢ ነው፤ መሬቱ ዋልካ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤቱን ሲሠራ ጓሮውን በሙሉ ጠጠር አስደፋበት። አንድም ጭቃውን ለመሸሽ፣ አንድም ለሌባ ብሎ ነው። «ጠጠር ላይ ኮቴውን አጥፍቶ የሚራመድ የለም» ይል ነበር። ዋልካ ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ጠጠሩን ዓመት በዓመት ይውጠዋል። እኛ እንጨምራለን፣ እሱ ይውጣል። አምና ጥቅምት ላይ እናቴ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ጠጠሩ ከእግሯ ሥር ሸሸና ወደቀች፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ የምትሞቀው በመስኮት ሆነ።

ጠጠሩን አንስቼ ንጣፍ ላስነጥፍ ስነሳ የመጣው የመጀመሪያው ሰው 40 ሺህ ብር ቀብድ ተቀብሎ፣ ግማሹን ጓሮ ቆፍሮ ጠፋ። ፋሲካን ከነጉድጓዱ ዋልን። ስልኩ መጀመሪያ አይነሳም ነበር፣ በኋላ ጭራሽ ተዘጋ። ሁለተኛው አልጠፋም፤ ሥራውን በ4 ቀን ጨርሶ ሒሳቡን ተቀበለ። ለካ ንጣፉን የደረደረው እዚያው ልል ጠጠር ላይ ነበር። ሐምሌ ሲገባ አንዱ ድንጋይ ሰመጠ፣ አንዱ ተንጋለለ፤ ውሃውም ወደ ማድ ቤታችን ዞረ። ሌሊቱን በባልዲ ስንቀዳ አደርን። ደውዬ ስነግረው «ሲረገጥ ይስተካከላል» አለኝ። ማን ነው የሚረግጠው? እጇ የተሰበረ የ74 ዓመት ሴት? ያ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህችን ባለሙያ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስደውልላት ገና ክረምቱ አልወጣም ነበር። «አሁን ብጀምርልሽ ገንዘብሽን ጭቃ ውስጥ መጣል ነው፤ ዋልካው ይድረቅ» አለችኝ። ቀብድ እንድልክላት እንኳ አልጠየቀችም። በኅዳር መጣች። ኮብል ስቶን በከተማችን መነጠፍ በጀመረበት ዘመን ድንጋይ በመጥረብ የተነሳች ሴት ናት፤ እጇን ያየ አይጠራጠርም። ሜትር ከማውጣቷ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ጠየቀች፤ ጓሮው ላይ ደፍታ ቁጭ ብላ ተመለከተች። «ውሃው የት መሄድ እንደሚወድ ልየው» አለች። ከዚያ በፊት የመጡት ሁለቱ ቀና ብለው ዋጋ ነበር የነገሩኝ።

እኔ ኮብል ስቶን ነበር የፈለግሁት። እሷ ግን የእናቴን ምርኩዝ አይታ እንቢ አለች። «ለእማማ ይሻክራቸዋል፤ ምርኩዛቸው ድንጋዩ መሀል ይገባል» ብላ ከሲሚንቶ የተሠራውን ለጥ ያለ ንጣፍ አስገዛችኝ። ራሷ ያደገችበትን ሥራ ትታ ለእናቴ እግር አሰበች። እስከ ጉልበት ድረስ ዋልካውን አስወጣች፣ ገረጋንቲ ሞልታ ደጋግማ አስጠቀጠቀች፣ ሲባጎ ወጠረች፣ በውሃ ልክ ለካች። ምኑ ከምን እንደሚቀድም እኔ አልገባኝም። የያዝኩት ነገር ቢኖር በየሜትሩ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከቤቱ ወደ ውጭ እንደሚዘቀዝቅ ነው፤ ይህንንም እናቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ስለምትናገረው ነው። ማታ ማታ ከመሄዷ በፊት ከበሩ እስከ ፀሐዩ ቦታ ጣውላ ትዘረጋለች፣ እናቴ በጉድጓዱ መሀል እንዳትቸገር። ማንም አላዘዛትም።

ከሁሉ ግን የማልረሳው አንድ ነገር ነው። ጠጠሩ ሊጫን መኪና የቀረበ ዕለት እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ እንባዋ መጣ። «የአባትሽ ጠጠር ነበር» አለችኝ። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሥራው እንዳይጓተት ብዬ ላባብላት ሞከርኩ። ባለሙያዋ ግን ሠራተኞቹን አስቆመች፤ እናቴ አጠገብ ሄዳ «እማማ፣ ምን ሆኑ?» አለች። እናቴ ስለ አባቴ፣ ስለ ሌባውም፣ ስለ ኮቴውም ነገረቻት። አልሳቀችም። ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ በግድግዳው ጥግ፣ በመስኮቶቹ ሥር፣ አንድ ክንድ ያህል ስፋት ያለው ቦይ አስቆፈረችና ያንን ጠጠር አጥባ ሞላችበት። «ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ ይቀበላል፤ ሌባ ቢመጣም በመስኮት ነውና የሚገባው፣ ይሰሙታል» አለቻት። እናቴ ሁለት እጇን ይዛ መረቀቻት። እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

60 ካሬውን በ11 ቀን ጨረሰች። በመጀመሪያ ከተነጋገርነው ዋጋ በላይ አንድ ብር አልጠየቀችም። መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሳንጠራት በር አንኳኳች፤ ውሃው እንዴት እንደወረደ ልታይ ነው የመጣችው። ጥጉ ላይ አንዲት ድንጋይ ትንሽ ተነቃንቃ አገኘች፤ አንስታ፣ አሸዋውን አስተካክላ መለሰቻት። የታክሲ ልስጥሽ ብላት «ቡናው ይበቃኛል» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ግቢ የምታሠሩ፣ በተለይ አረጋዊ ወላጅ ቤታችሁ ያለ፣ እባካችሁ ይህችን ሴት ጥሩ። ደግሜ እላለሁ፣ ጥሩዋት። ሥራዋ ንጹሕ ነው፣ ቃሏ ቃል ነው። ስልኳን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ እልካለሁ። መጥቶ ማየት ለሚፈልግም በራችን ክፍት ነው፤ እናቴ ከሰዓት በኋላ እዚያው ንጣፉ ላይ ናት።

አንቺ እህቴ፣ ይህንን ካነበብሽ፣ እናቴ ለነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ማኅበሯን ጓሮ ልታስቀምጥ ነው፤ የእጇ ነገር ከተጀመረ የመጀመሪያዋ ነው። አንቺ ሳትመጪ ዳቦው አይቆረስም ብላለች።