የኤሌክትሪክ መኪና በኤድመንተን፦ ከ14 ወራትና ከአንድ ቀብር በኋላ

«አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ስንት ኪሎሜትር ትሄዳለች?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ አሁን የምሰጠው መልስ «በየትኛው ወር?» የሚል ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ይስቃል፤ እኔ ግን አልቀለድኩም። በኦክቶበር 2024 (ወራቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) አዲሷን መኪናዬን ስገዛ በመስኮቷ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 390 ኪሎሜትር ይል ነበር። በጁላይ ከተማ ውስጥ ስነዳት ከዚያም አልፋ ሄዳለች። በፌብሩዋሪ ግን ያችው መኪና፣ በያው ባትሪና በያው ሾፌር፣ አውራ ጎዳና ላይ ከ200 ኪሎሜትር ያለፈ ተስፋ አልነበራትም። ይህ ጽሑፍ በአመዛኙ ስለዚያ ልዩነት ስለሆነ፣ ስለ መቀመጫዋ ምቾትና ስለ ድምፅ ማጉያዋ ጥራት ማንበብ የፈለገ ሰው ከእኔ ብዙ አያገኝም።

ስለ ግዢው ባጭሩ ልናገር። በዚያን ጊዜ የካናዳ ፌደራል መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ እስከ 5,000 ዶላር ይደጉም ነበር፤ ኤድመንተን ያለችበት ክፍለ ሀገር አልበርታ ግን ከራሷ የምትጨምረው ነገር አልነበረም። የፌደራሉ ድጎማ ገንዘቡ አልቆ በጃንዩዋሪ 2025 ሲቆም «በሰዓቱ ደረስኩ» እያልኩ ለጓደኞቼ ጉራዬን ነዝቻለሁ። ጉራው ብዙም አልቆየም፤ አልበርታ ከፌብሩዋሪ 13 ቀን 2025 ጀምሮ በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ በየዓመቱ የሚከፈል 200 ዶላር ጣለች። ቤንዚን ስለማልቀዳ የነዳጅ ቀረጥ አልከፍልም፣ መንገዱን ግን እንደማንኛውም ሰው እጠቀምበታለሁ፤ ስለዚህ በሁለት መቶው ዶላር ከማንም ጋር አልጣላም። ጠቤ ከሻጩ ጋር ነው።

ያቺ መኪና በሁለት ደረጃ ትሸጥ ነበር። በ2,800 ዶላር የምትበልጠው ሂት ፓምፕ የሚባለው ቆጣቢ ማሞቂያና ቻርጅ ከመደረጓ በፊት ባትሪውን አስቀድሞ የሚያሞቅ ሥርዓት ነበራት፤ እኔ የወሰድኳት ሁለቱም የሏትም። ሻጩ ጨዋ፣ ፈገግታ የማይለየው ወጣት ነበር። ለምን ይሆን የዋጋው ልዩነት ብዬ ስጠይቀው፣ ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ሰው ትርፍ ወጪ ነው አለኝ። ቀኑ ፀሐያማ፣ የአየሩ ሙቀት 14 ዲግሪ፣ የዛፉም ቅጠል ወርቅ የመሰለ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ስለ ብርድ የሚጠይቅ ሰው የለም። እኔም ገንዘብ ስላስቆጠበኝ አመስግኜው ወጣሁ።

በፌብሩዋሪ 2025 መጀመሪያ ላይ ከካልጋሪ መርዶ መጣ፤ የአማቴ የአክስት ልጅ አረፉ። አማቴ ልጃቸውን ለማረስ ከጎንደር የመጡት ገና በኖቬምበር ነበር፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ለገና በስልክ ተገናኝተው፣ ብርዱ ጋብ ሲል በአካል ለመተያየት ተቀጣጥረው ነበር። ቀብሩ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው ተባለ። ከኤድመንተን እስከ ካልጋሪ 300 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ በማንኛውም መኪና የሦስት ሰዓት መንገድ። ባለቤቴ ከሕፃኑ ጋር ቀረች፤ እኔና አማቴ ለማንኛውም ብለን ሁለት ሰዓት ተኩል ትርፍ ጊዜ ይዘን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 31 ይላል፤ ባትሪው 100 በመቶ ሞልቷል፤ ስክሪኑ 270 ኪሎሜትር እንደምንሄድ ቃል ገብቷል።

ቃሉን የጠበቀው ከሠፈር እስክንወጣ ድረስ ነው። ሌዱክ ስንደርስ 86፣ ፖኖካ ላይ 51፣ መንገዱ እኩል በሚሆንበት በሬድ ዲር 24 በመቶ ቀረን። ፍጥነቴን ቀንሼ በቀኙ መስመር ተጠግቼ ብነዳም፣ ማሞቂያውን ዝቅ ባደርገውም፣ ለውጡ ኢምንት ነበር፤ የጎን መስታወቱ ከውስጥ በኩል በረዶ ሲሠራ አማቴ ምንም ሳይናገሩ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናነቡ። ሬድ ዲር ያገኘነው የቻርጅ ጣቢያ ሁለት ማሽኖች ነበሩት፤ አንደኛው አይሠራም፣ በሌላኛው ላይ ከእኛ ቀድሞ የደረሰ ሰው ተሰክቷል። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ተራችን ደርሶ ስሰካ ማሽኑ እስከ 150 ኪሎዋት (ኪሎዋት ኤሌክትሪኩ የሚገባበት ፍጥነት መለኪያ ነው)፣ መኪናዬ ደግሞ እስከ 100 ኪሎዋት ትቀበላለች እየተባለ በስክሪኑ ላይ የታየኝ ቁጥር 22 ነበር። ነቅዬ እንደገና ሰካሁ፤ ያው 22። ወደ ጣቢያው የስልክ መስመር ደወልኩ፤ ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ የምትገድበው መኪናህ ናት አሉኝ።

አማቴ ሁኔታዬን አይተው «ልጄ፣ ይኼም እንደ ሰው ይበርደዋል ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማዬ፤ ባትሪው በርዶታል።»

«ታዲያ ሳትነሳ ለምን ጋቢ አላለበስከውም?»

ከሻጩ፣ ከመመሪያው መጽሐፍና ኋላ ካየኋቸው ብዙ ቪዲዮዎች ሁሉ ጉዳዩን በትክክል ያስቀመጡት እርሳቸው ናቸው። እኔ በ2,800 ዶላር የተውኩት ጋቢውን ነበር።

ከዚያ ማሽን ላይ ለመነሳት አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ፈጀብን፤ የመቃብሩ ቦታ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰዉ ተመልሷል። አማቴ በአዲሱ አፈር ላይ ቆመው ያለቀሱትን ለቅሶ እዚህ አልጽፈውም። ለቅሶው ቤት ስንገባ «ምነው ዘገያችሁ?» ያልጠየቀን ሰው አልነበረም፤ እኔም እንደ ሞኝ ስለ ኪሎዋት ማስረዳት ጀመርኩ። ንፍሮ በሳህን ይዞ ለሐዘንተኛ ስለ ባትሪ ሙቀት የሚያብራራ አማች ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ነገሩ ምን እንደሆነ በኋላ አጥንቻለሁ። የሊቲየም ባትሪ ሲበርደው በውስጡ ያለው ፈሳሽ ይከብዳል፣ ኃይሉን ተሸክመው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚጓዙት ion የሚባሉት ቅንጣቶችም ይንቀረፈፋሉ። በዚህ ሁኔታ ላይ ብዙ ኃይል በጉልበት ቢገባበት ሊቲየሙ በሥርዓቱ በባትሪው አንድ ጫፍ ወዳለው ግራፋይት (የካርቦን ዓይነት) ዘልቆ በመግባት ፈንታ ከላይ እንደ ብረት ይለጠፋል፤ ያም ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። የመኪናዋ ኮምፒውተር በ22 ኪሎዋት ያንቀረፈፈን ባትሪውን ከዚህ ሊጠብቅ ብሎ ነው። ምጣዱ ሳይግል ሊጥ የሚያፈስ የለም፤ ደህናዎቹ መኪኖች ወደ ቻርጅ ጣቢያ እየሄድክ እንደሆነ ሲያውቁ ምጣዱን በመንገድ ላይ ያግላሉ፣ የእኔዋ ቀዝቃዛ ምጣድ ይዛ ትደርሳለች።

ኪሎሜትሩን የበላው ደግሞ ማሞቂያው ነው። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ከግማሽ የሚበልጠውን ሙቀት አድርጎ ስለሚያባክነው ተሳፋሪው የሚሞቀው በዚያ ብክነት ነው፤ ወጪ የለውም። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን እምብዛም አያባክንም፣ ስለዚህ ለተሳፋሪው ሙቀት ከባትሪው ተቆርሶ ይሰጣል፤ በእንዲያ ያለ ብርድ የእኔዋ ማሞቂያ ከአንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ የሚበልጥ ኃይል ይስባል። ምጣድ እየጋገርክ 300 ኪሎሜትር እንደመንዳት ነው። በዚያ ላይ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሆነ አየር በ20 ዲግሪ ካለው አየር በ20 በመቶ ያህል ይወፍራል፤ በሰዓት 110 ኪሎሜትር በሚነዳበት ጎዳና ላይ ያን አየር ሰንጥቆ ማለፍ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። የካናዳ አውቶሞቢል ማኅበር በዚያው በፌብሩዋሪ 2025 ከኦታዋ ወደ ሞን ትሬምብላን የተለያዩ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ነድቶ ባደረገው ፈተና፣ መኪኖቹ ከተነገረላቸው ርቀት ከ14 እስከ 39 በመቶ አጥተዋል። ያን ቀን የነበረው ብርድ ግን ከዜሮ በታች ከ7 እስከ 15 ብቻ ነው፤ ኤድመንተን ውስጥ እንዲህ ባለ ቀን ሰው ጃኬቱን ሳይቆልፍ ይወጣል።

ሻጩ ይህን ቢያነብ የሚለውን አውቀዋለሁ፤ ሌሊት እየነቃሁ ብዙ ጊዜ ተከራክሬዋለሁና። «በመመሪያው መጽሐፍ ተጽፏል» ይለኛል። አዎ ተጽፏል፤ ያነበብኩት ግን ከቀብሩ በኋላ ነው፤ ደግሞስ መጽሐፉ የሚሰጠው ፊርማ ካረፈ በኋላ አይደለም ወይ? «የቤንዚን መኪናም በብርድ ብዙ ይበላል» ይለኛል። ይበላል፤ ግን በአምስት ደቂቃ ቀድቶ ይሄዳል። ከዚያ ከሁሉም የሚያስቸግረኝን ያመጣዋል፦ «ለመሆኑ በዓመት ስንት ጊዜ ካልጋሪ ትሄዳለህ? በብርዱ ወራት ለምትሄድባት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ብለህ 2,800 ዶላር ልታወጣ ነበር?» በእርግጥ በሒሳብ ሲታይ እውነት አለው። ሒሳቡ የማያውቀው ግን ቀብር በቀጠሮ እንደማይመጣ፣ ሐበሻ ደግሞ ከተማ ውስጥ ለመመላለስ ብቻ መኪና እንደማይገዛ ነው። እኛ መኪና የምንገዛው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለክርስትናና ከኤርፖርት ሰው ለመቀበል ነው፤ ወደ ሥራማ አውቶቡስም ያደርሳል።

ገንዘቡንም ካነሳሁ አይቀር፣ ያ ጣቢያ የሚያስከፍለው በደቂቃ ነበር። ካናዳ ውስጥ በኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም በገባው የኤሌክትሪክ መጠን፣ ለክቶ መሸጥ በመለኪያ ሕጉ ሳይፈቀድ ለረጅም ጊዜ ስለቆየ በደቂቃ ማስከፈል የተለመደ ነበር፤ አሁን እየተቀየረ ቢሆንም ጨርሶ አልጠፋም። በብርድ ቀን ይህ ማለት በቀስታ ለሚንጠባጠብ ቧንቧ በፍጥነት እንደሚወርድ ውኃ መክፈል ነው። ወደ 50 ዶላር ከፈልኩ፤ ያንኑ መጠን እቤቴ ብሞላው ከአሥር ዶላር አይበልጥም ነበር። ወረፋውም የዚሁ በሽታ ልጅ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ጨርሶ መሄድ የሚገባው መኪና ሁለት ሰዓት ሲቆም፣ በበጋ ባዶ የሚሆነው ጣቢያ በብርድ ሰልፍ ይይዛል።

ስለቀረው ነገር የምለው ትንሽ ነው። 24,000 ኪሎሜትር ነድቻለሁ፤ ከጎማ ቅያሪ ሌላ ጋራዥ አልገባችም። በ1,600 ዶላር የቤቴ ጋራዥ ውስጥ ያስገጠምኩት ባለ 240 ቮልት ቻርጀር ሌሊቱን ይሞላታል። ባለፈው ክረምት (ክረምት ስል የዝናቡን ሳይሆን የበረዶውን ማለቴ ነው) አንድ ቀን ብርዱ 38 ሲደርስ፣ ጎረቤቴ የሞተር ማሞቂያውን ገመድ መሰካት ረስቶ አድሮ ቤንዚን መኪናው አልነሳ ሲለው፣ እኔ በስልኬ አሙቄ ባቆየኋት መኪና ወደ ሥራ ወሰድኩት። ያን ጠዋት ይህን ግምገማ ጽፌ ቢሆን ኖሮ የተለየ ጽሑፍ ታነቡ ነበር።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ይህን ሁሉ ስነግረው ይስቅብኛል። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ እርሱም የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። የእርሱ ሥጋት መብራት መጥፋቱ ነው፤ ብርድ ሲባል የጥቅምቱን ጠዋት ነው የሚያስበው። «ሥሪቷ ጥሩ ናት አትልም እንዴ፣ ሀገሩ ነው እንጂ» ይለኛል። ከሻጩ ጋር ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራሉ።

ልሸጣት አስቤ ነበር። ዋጋ ሲነግሩኝ ስድብ መሰለኝና ቁልፌን ይዤ ተመለስኩ፤ ስለዚህ አሁን የማቆያት ወድጃት ይሁን ተገድጄ በየቀኑ መልሱ ይለያያል። በቫንኩቨር ወይም በቪክቶሪያ የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ ምሬት እንዳላነበበ ቆጥሮ ይግዛ፤ እዚያ ብርዱ ቀላል ነው። አልበርታ ለሚኖርና ቤቱ መሰኪያ ላለው ሰው ግን ምክሬ አንድ ነው፦ መቀመጫው ጨርቅ ይሁን፣ ጣሪያው መስታወት አይሁን፣ ጋቢውን ግን ይግዛ። ሻጩ ፊት ቆሞም «ባትሪዋን ከቻርጅ በፊት ታሞቃለች ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱ «አያስፈልግዎትም» ከሆነ የጠየቀው «ያስፈልገኛል ወይ?» ብሎ እንዳልሆነ ይንገረው።

ይህን የምጽፈው በዲሴምበር 2025 ነው፤ የሟቿ ሙት ዓመት ካልጋሪ ላይ በፌብሩዋሪ ይውላል። አማቴ በበጋው ወደ ጎንደር ስለተመለሱ እርሳቸውን ወክዬ የምገኘው እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ደውለው ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ልጃቸውና ስለ ብርዱ ከጠየቁኝ በኋላ ትንሽ ዝም አሉ።

«በየትኛው መኪና ነው የምትሄደው?»

በባለቤቴ ወንድም አሮጌ ቤንዚን መኪና ላይ መቀመጫ መያዜን ነገርኳቸው።

«ተመስገን» አሉ።