የሚሸጥ የፖሊስ ሪፖርት የለም፤ የድሬና የሐረር አሽከርካሪዎች ተጠንቀቁ

ድሬም ሆነ ሐረር መኪና የምትነዱ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከተጋጫችሁ በኋላ «የፖሊስ ሪፖርቱን እኔ አወጣላችኋለሁ፣ እናንተ አትድከሙ» የሚል ሰው ከቀረባችሁ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጡት። እኔ 8,000 ብር ከፍያለሁ። ብሩ መሄዱ ሳያንስ፣ ለጥቂት ሐሰተኛ ሰነድ ይዤ ኢንሹራንስ ቢሮ ልገባ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ግን ከደላላው አይደለም። መንገድ ላይ እሺ ካልኩት ስምምነት ነው። ስለዚህ ከዚያ ልነሳ።

ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ከሳቢያን ወደ ከዚራ እየመጣሁ ነው። ሰባት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። የድሬን የሰባት ሰዓት ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ከውስጥ ለውስጥ መንገድ አንድ አይሱዙ ሳይቆም ወጣና በቀኝ ጎኔ መታኝ። ፓራፋንጎው ተጨማደደ፣ የፊት በሩ ወደ ውስጥ ገባ፣ ፍሬቻው ረገፈ። ልጄ ከኋላ በግራ በኩል ነበረች። ምንም አልሆነችም፣ ተመስገን።

ሹፌሩ ወጣት ልጅ ነው። ወርዶ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አቦ እናቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ፖሊስ ከጠራን ግን በዚህ ፀሐይ እዚሁ መዋላችን ነው። ጋራዥ አስገቢያት፣ የጠየቁሽን እከፍላለሁ» አለኝ። የተሰበሰበው ሰውም «ብረት ነው፣ ይሠራል። ዋናው ሰው መትረፉ ነው፣ ተስማሙ» አለ። ከኋላዬ ባጃጁ ሁሉ ክላክስ ያደርጋል። ልጄ ታለቅሳለች። እኛ ድሬዎች ደግሞ ነገር ማካረር አንወድም። ይህን ጠባያችንን እወደዋለሁ፣ ዛሬም አልጠላሁትም። ግን የዚያን ቀን ፖሊስ ሳይመጣ መኪናዬን አስነስቼ ዳር አወጣሁ። ሁሉም ነገር የተበላሸው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው።

ልጁ ከደብተር ወረቀት ገንጥሎ ጻፈ። ስሙን፣ ስልኩን፣ ተስማምተናል የሚል ነገር። እኔም ፈረምኩ። ማታ ቤት ገብቼ ረጋ ብዬ ሳነበው «ጉዳዩን በስምምነት ጨርሰናል፣ ከእንግዲህ አንጠያየቅም» ይላል። እከፍላለሁ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። ጋራዥ የጠየቀኝ 68,000 ብር ነው። ልጁ ሁለት ቀን ስልክ አነሳ። በሦስተኛው ቀን ስልኩ ተዘጋ። እስከ ዛሬ ዝግ ነው።

በአራተኛው ቀን ወደ ኢንሹራንሴ ሄድኩ። ሙሉ ኢንሹራንስ ነው ያለኝ። ሠራተኛዋ በትህትና አስተናገደችኝ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የጋራዥ ዋጋ ማቅረቢያ፣ የፖሊስ ሪፖርት አለችኝ። የመጨረሻውን ስሰማ ወገቤ ተቆረጠ። ከቢሮው ወጥቼ ጥላ ሥር ቆሜ ባለቤቴ ጋ ስደውል፣ አጠገቤ የነበረ ሰው ወሬዬን ሰምቶ ቀረበኝ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፋይል ይዟል። «ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ እህቴ። ይሄ የዕለት ሥራዬ ነው። ውስጥ ሰው አለኝ» አለኝ። 5,000 በቅድሚያ፣ 3,000 ወረቀቱን ሲያመጣ። በቴሌብር ላክሁለት። የመንጃ ፈቃዴንና የሊብሬዬንም ፎቶ ሰጠሁት። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

ከአራት ቀን በኋላ ወረቀቱን አመጣ። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የመዝገብ ቁጥር አለው፣ በእጅ የተሠራ ፕላን፣ ማለት የአደጋው ቦታ ንድፍም አለው። ቀሪውን ብር ተቀብሎኝ ሄደ። ቁጭ ብዬ ሳየው አደጋው የደረሰው «ደቻቱ ድልድይ አጠገብ» ይላል። እኔ የተጋጨሁት የሳቢያን መንገድ ላይ ነው። ፕላኑ ላይ የተመታው ደግሞ የግራ ጎኔ ነው። ደወልኩለት። «አያነቡትም፣ ማኅተሙን ነው የሚያዩት። ዝም ብለሽ አስገቢ» አለኝ። ይህችን ቃል ስሰማ ነው የነቃሁት።

ወረቀቱን ይዤ በቀጥታ ወደ ትራፊክ ፖሊስ ሄድኩ። መዝገቡ ሲታይ ቁጥሩ የሌላ ጉዳይ ነው። መኮንኑ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ይህን ኢንሹራንስ አስገብተሽ ቢሆን ተጠያቂዋ አንቺ ነበርሽ» አለኝ። እውነቱን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሚቀጣው ሐሰተኛ ሰነድ የሠራውን ብቻ አይደለም። ሐሰተኛ መሆኑን እያወቀ የተገለገለበትንም ይቀጣል። እኔ ደግሞ ቦታው ስህተት መሆኑን አይቻለሁ። «አላወቅሁም» ማለት አልችልም ነበር።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ፕላን የሚነሳው ቦታው ላይ ነው። ፖሊሱ መጥቶ መኪኖቹ የቆሙበትን ይለካል፣ የፍሬን ምልክት ያያል፣ የመንገዱን ስፋት ይመዘግባል፣ የሁለቱንም ሹፌር ቃል ይቀበላል። ሪፖርቱ የሚወጣው ከዚያ ነው። መኪኖቹ ከተነሱ፣ ፖሊስም ካልመጣ፣ የሚለካ ነገር የለም። በሌለ ፕላን ላይ ሪፖርት አወጣለሁ የሚላችሁ ሰው፣ ማኅተሙ ምንም ያህል ቢያምር፣ የሚሸጥላችሁ ውሸት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

ይህ ፕላን ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ እኔም በኋላ ነው የገባኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2084 ላይ አንድ ነገር አለ። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይቆጠራል። የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ አንዱ፣ ግማሹን ሌላው ይሸከማል። ይህ የሚቀረው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንዱ ሹፌር ጥፋት እንደደረሰ ሲረጋገጥ ነው። አስቡት እንግዲህ። ያ ልጅ በሰው ፊት «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሏል። ግን ያለ ፕላን ያንን ቃል በምን ላስረዳ? የተሰበሰበው ሰው ተበትኗል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ፀሐዩ ቢያቃጥልም፣ ባጃጁ ቢጮህም፣ ትራፊክ ሳይመጣ መኪናችሁን አታንቀሳቅሱ። መታረቅ ከፈለጋችሁ ፕላኑ ከተነሳ በኋላ ታረቁ፣ ማን ይከለክላችኋል? የተጎዳ ሰው ካለ ግን ሌላው ሁሉ ይቅር፣ መጀመሪያ ሰውየውን ወደ ሕክምና አድርሱ። መኪናውን ለዚያ ማንሳት ግድ ከሆነም ጎማዎቹ የቆሙበትን በጠመኔም በድንጋይም ምልክት አድርጉ፣ ፎቶ አንሱ። ፎቶ ስታነሱ የተመታውን ብቻ አታንሱ፣ እኔ እንደዚያ አድርጌ ተጎድቻለሁ። ሁለቱን መኪኖች ከነመንገዱ፣ የሌላውን ሰሌዳ፣ መንጃ ፈቃዱንና መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አንሱ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። ያቺ ተለጣፊ ፎቶዬ ላይ ብትኖር ኖሮ ሹፌሩ ቢጠፋ እንኳ የአይሱዙውን ኢንሹራንስ አገኘው ነበር።

የሐረር መንገድ ላይ ለምትመላለሱ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ግን የሦስት አስተዳደር ፖሊስ ታልፋላችሁ። ድሬዳዋ፣ ኦሮሚያ፣ ሐረሪ። ሪፖርቱን የሚሰጣችሁ አደጋው የደረሰበት አካባቢ ፖሊስ ነው። ጎረቤቴ አወዳይ ላይ ተጋጭቶ፣ አንድ ደላላ «እዚያ ድረስ አትመላለስ፣ እዚሁ ድሬ አስወጣልሃለሁ» ብሎት ነበር። አወዳይ ኦሮሚያ ነው። ድሬ ያልያዘውን ጉዳይ ድሬ እንዴት ሪፖርት ያወጣለታል? ደግነቱ እሱ ከእኔ የተሻለ ጠያቂ ነው፣ ራሱ ሄዶ ጨረሰ።

ስለ ቀንም አንድ ነገር ልጨምር። ደላላው የወሰደብኝ ብሬን ብቻ አይደለም፣ ቀኔንም ነው። የንግድ ሕጋችን አደጋ መድረሱን ካወቃችሁበት ጊዜ አንስቶ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ ለኢንሹራንሳችሁ እንድታሳውቁ ይላል። እኔ በአራተኛው ቀን ሄጄ በቃል ጠይቄ ወጣሁ እንጂ የጻፍኩት ነገር የለም። ከዚያ ሪፖርቱን ስጠብቅ ቀኑ አለፈ። እናንተ ሪፖርት በእጃችሁ ባይኖርም ማመልከቻ ጽፋችሁ አስገቡ። ቅጂው ላይ የገባበትን ቀን አስፈርማችሁ ያዙ። ሪፖርቱ ሲደርስ ይያያዛል። ፖሊስ ጋ ስትሄዱም ራሳችሁ ሂዱ፣ መንጃ ፈቃድና ሊብሬ ይዛችሁ። የሚከፈል ነገር አለ ከተባላችሁ ደረሰኝ ጠይቁ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ የመንግሥት ክፍያ አይደለም።

ኢንሹራንሴ አልከፈለኝም። 68,000ውን ከራሴ አውጥቼ አሠራሁ። በደላላው ላይ አመልክቻለሁ፣ የሰጠኝን ወረቀትና የቴሌብሩን መልእክት አስረክቤያለሁ። እንደኔ ከፍላችሁ ወረቀት የተቀበላችሁ ካላችሁ፣ ኢንሹራንስ ቢሮ ከማስገባታችሁ በፊት ፖሊስ ጋ ወስዳችሁ የመዝገብ ቁጥሩን አስመርምሩ። ብር የላካችሁበትን መልእክት ከስልካችሁ አታጥፉት። የሁለት ሦስት ሰው አቤቱታ ሲደራረብ ሰውየውን መያዝ ይቀላል፤ መኮንኑም የነገረኝ ይህንኑ ነው።