ሱሉልታ ላይ 14 ወር የሠራንበት የ316 ገንዳ

ሱሉልታ ውስጥ ቺዝ የምንሠራበት ትንሽ ቤት አለን። ፎርማጆው ጨው የሚጠጣበትን 300 ሊትር የስቴንለስ ገንዳ ካሠራሁ 14 ወር ሆነኝ። የስቴንለሱ ዓይነት መለያ ቁጥር 316 ነው። ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ያየሁትን ልጻፍ።

መጀመሪያ የነበረኝ ገንዳ ሌላ ነው። ሻጩ «ማግኔት አይዘውም፣ ኦሪጅናል ነው» አለኝ። እውነትም አልያዘውም። አምስተኛው ወር ላይ ብየዳው አጠገብ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቡናማ ነጥብ አየሁ። በጨርቅ ብጠርጋት አልለቅ አለች። መርፌ ሳስጠጋባት ስምጥ አለች። ከላይ ጤፍ፣ ከውስጥ ዋሻ! በሳምንቱ ገንዳው ማንጠብጠብ ጀመረ። ለካ ማግኔት 201 የሚባለውንም አይዘውም፤ ኒኬሉ ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካ፣ ረከስ ያለ ዓይነት ነው። እባካችሁ ዓይነቱን የሚገልጸውን የፋብሪካውን ወረቀት ጠይቁ።

ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየም ነው። ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማትታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ብትጫርም ራሷን ትጠግናለች። የማትችለው ጨው ውስጥ ያለውን ክሎራይድ ነው። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር 40 ይደርሳል። የኛ ገንዳ ከ200 ይበልጣል። 304 የሚባለው የተለመደ ስቴንለስ ክሮሚየሙ 18፣ ኒኬሉ 8 በመቶ ነው፤ ለወተት ይበቃል፣ ለዚህ ግን አይሆንም። 316 ላይ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የሚባል ብረት ይጨመራል። ነጥቧ ዋሻ እንዳትሆን የሚይዛት እሱ ነው።

አንድ ስቴንለስ እንዲህ ያለውን ነጥብ ምን ያህል እንደሚቋቋም ባለሙያዎች በመቶኛዎቹ እንዲህ ያሰሉታል፦ ክሮሚየም፣ ሲደመር 3.3 እጥፍ ሞሊብዲነም፣ ሲደመር 16 እጥፍ ናይትሮጅን። 304 ወደ 19 ይመጣል፣ 316 ወደ 25፣ ዱፕሌክስ 2205 የሚባለው ሌላ የስቴንለስ ዓይነት ወደ 35። ባሕር ውስጥ ለሚኖር ዕቃ ከ40 በላይ ይፈለጋል። ኒኬል ስሌቱ ውስጥ የለም። እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው፤ ገበያ ላይ የሚወራው ስለ ኒኬል ብቻ ነዋ።

ወደ ገንዳዬ ልመለስ። ግድግዳው ዛሬም ያበራል። በያጁ የብየዳውን ሰማያዊ ቀለም አጽድቶ ማስረከቡ ጠቅሞናል፤ የሱሉልታ ብርድም አግዞናል፣ ሙቀት ጨውን ያበረታዋልና። የከፋኝ ከክዳኑ ጎማ ሥር ያገኘሁት ቡናማ መስመር ነው። ጨው ውኃ ኦክስጅን በማይደርስበት ጠባብ ቦታ ሲተኛ 316ም አይችልም። ጎማውን አውጥቼ ጣልኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ በንጹሕ ውኃ አጥበን እናደርቀዋለን። በረኪና ግን በፍጹም፤ እሱም ክሎራይድ ይተዋል።

ዋጋው ከ304 በደንብ ይወደዳል፤ እኔ ግን ደግሜ እገዛዋለሁ። አሁን የሚያሳስበኝ የታችኛው ቧንቧ ነው፤ ጥርሱ ውስጥ ጨው ይተኛል። በ2205 የተሠራ እያፈላለግኩ ነው።