በሳምንት 5 ኪሎ ወይስ በወር 2 ኪሎ? ዳይት ከመግዛታችሁ በፊት

«በ7 ቀን 5 ኪሎ ቀንሱ» የሚል ማስታወቂያ በየስልካችን ይመጣል። ከፍሎ የሞከረ ሰው ደግሞ ሚዛኑ እውነትም ሲወርድ ያያል። የሚያምነውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ፈጣኑን ዳይትና ቀስ ብሎ የሚሄደውን ስናወዳድር፣ ከሁሉ በፊት የወረደው ምን እንደሆነ እንይ፤ ውሃ፣ ጡንቻ ወይስ ስብ?

በሂሳብ እንጀምር። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። 5 ኪሎ ስብ በ7 ቀን ለማቃጠል በየቀኑ 5,500 ካሎሪ መጉደል አለበት። አብዛኛው አዋቂ ግን በቀን የሚያቃጥለው ከ2,000 እስከ 3,000 ካሎሪ ቢሆን ነው። እህል የሚባል ባይቀምስ እንኳ እዚያ አይደርስም።

ታዲያ ሚዛኑ ለምን ወረደ? ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለው። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ በአንዴ ስታቆሙ ክምችቱ ይሟጠጣል፣ ውሃውም በሽንት ይወጣል። በጥቂት ቀን 2 ኪሎ ሊሄድ ይችላል፤ ስቡ ግን ብዙም አልተነካም። ወደ ድሮው አመጋገብ ስትመለሱ ውሃውም ይመለሳል።

ቀስ ያለው መንገድ ሂሳቡ ሌላ ነው። በቀን 500 ካሎሪ ብታጎድሉ በወር 15,000 ይሆናል፤ ወደ 2 ኪሎ ስብ ማለት ነው። እየቆየ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይህን ከወዲሁ እወቁት። ለማስታወቂያ የሚሆን ቁጥር አይደለም፤ ግን የሚሄደው በብዛት ስብ ነው። በተለይ በየምግቡ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ዓሣ ወይም ሌላ ፕሮቲን ካለና በሳምንት ሁለቴ እንኳ ክብደት የማንሳት ዓይነት ስፖርት ከሠራችሁ ጡንቻችሁ ይተርፋል። በጣም ፈጥኖ መክሳት ግን ጡንቻ ይበላል፣ የሐሞት ጠጠርም ሊያመጣ ይችላል።

ሰውነትን ከቆሻሻ ያጠራል ስለሚባለው «ዲቶክስ» ሻይ ብዙ አልልም። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰናመኪ ነው፤ ያስቀምጣል። የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ሲሆን፣ የምግቡ ካሎሪ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በትንሹ አንጀት አልፎ ወደ ደም ገብቷል። የምታጡት ውሃና እንደ ፖታሺየም ያለ ማዕድን ነው። ቆሻሻ የማጣራቱን ሥራ ጉበትና ኩላሊት ሳይከፈላቸው ይሠሩታል።

እንክብሉ ግን ያስፈራኛል። ሲቡትራሚን የሚባለው የማቅጠኛ መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ አደጋን ስለሚጨምር በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ በኋላም «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» ተብለው በሚሸጡ እንክብሎች ውስጥ፣ ማሸጊያው ላይ ሳይጻፍ ተደጋግሞ ተገኝቷል። ፈቃድ የሌለው እንክብል በኢንተርኔት አትግዙ፤ በቃ።

ካርቦሃይድሬት የሚቀንሰው ዳይትስ? እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን አለብን፤ ማጭበርበር አይደለም። በ2018 የወጣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን ካርቦሃይድሬት፣ ግማሹን ቅባት አስቀነሰ። ከዓመት በኋላ ሁለቱም ቡድን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀንሷል፤ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ የምትመርጡት የትኛውን ሳትማረሩ ልትቀጥሉበት እንደምትችሉ አይታችሁ ነው። ያለ ዳቦ መኖር የማይከብደው ሰው ይሞክረው። በሦስተኛው ሳምንት ዳቦ በሕልሙ የሚያይ ሰው ግን ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል።

የፈጣኑ መንገድ ትልቁ ጣጣ የሚመጣው ከቆመ በኋላ ነው። በአንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የማቅጠን ውድድር ላይ የተሳተፉ 14 ሰዎች ከ6 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ አብዛኞቹ የቀነሱትን ኪሎ በብዛት መልሰውት ነበር። ሰውነታቸውም በእረፍት ጊዜ የሚያቃጥለው ለመጠናቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያንስ ነበር። ሰነፉ፣ ልፍስፍስ ሆኑ የሚባልበት ነገር አይደለም፤ ሰውነታቸው ራሱ ይዋጋቸው ነበር።

ቀርፋፋው መንገድ የሚሰጠውስ? በ2002 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ አደረገ። በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። 7 በመቶ 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ኪሎ ገደማ ነው። ቦርጩ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፣ ጤናው ግን ተለውጧል።

ፕሮግራም ልትገዙ ከሆነ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ በስምንተኛው ወር ምን እበላለሁ? መልሱ «ያው ሻይ፣ ያው ዱቄት፣ እንደገና ግዙ» ከሆነ ይቅርባችሁ። ምግብ አመራረጥና መጠን የሚያስተምር፣ እንቅልፍና እንቅስቃሴ የሚጠይቅ፣ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ የሚያስብ ከሆነ ግን ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት።

ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። የመድኃኒቱ መጠን ሳይስተካከል ምግቡ ብቻ ከቀነሰ ስኳራችሁ በድንገት ሊወርድ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒትም እንዲሁ ሊስተካከል ይገባው ይሆናል። ነፍሰ ጡር ሴት ለመክሳት ብላ ዳይት አትጀምርም። በቀን ከ800 ካሎሪ በታች የሚያበላ ፕሮግራም ደግሞ ያለ ሐኪም ክትትል ለማንም አይሆንም።