ያገለገለ ማክቡክ ኤር ወይስ የዊንዶውስ ላፕቶፕ?

ዋጋ፦ በአንድ ዓይነት ብር ሰፋ ያለ ራምና ማከማቻ የምታገኙት ዊንዶውስ ላይ ነው።

ባትሪ፦ እዚህ ላይ ማክ ይበልጣል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤም 1 (የአፕል ፕሮሰሰር) ያለው ማክቡክ ኤር ማራገቢያ እንኳ የለውም፤ ድምፅ አያሰማም። ባትሪው ደህና ከሆነ መብራት ቢጠፋም ሥራችሁ አይቋረጥም።

ማሻሻል፦ ብዙ ሰው ይህን ሳያስብ ይገዛል። የኤም 1 ራምም ማከማቻም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። 8 ጊጋ ራም ከገዛችሁ እስከ መጨረሻው 8 ጊጋ ነው። ብዙ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ግን ተከፍተው ራም ይጨመርላቸዋል፣ ማከማቻው (ኤስኤስዲ) ይቀየርላቸዋል። ቀጫጭኖቹ ላይ ራሙ የተበየደ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ፍላሽ፦ ማክ በኤንቲኤፍኤስ (በዊንዶውስ የፋይል አያያዝ ዓይነት) ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ፎርማቱን ኤክስፋት አድርጉት፤ ሁለቱም ጋ ይሠራል። ኤም 1 ኤር ያለው ሁለት ታይፕ ሲ ብቻ ስለሆነ አዳፕተር ያዙ።

ስጋት፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ያገለገለ ስትገዙ ዊንዶውስ 11 መቀበሉን አረጋግጡ። እኔ ከዋጋው በፊት የማየው ይህን ነው።

ፒችትሪ (የሂሳብ መዝገብ)፣ ኢታብስ (የሕንፃ ስትራክቸር ስሌት) ወይም ሬቪት (የሕንፃ ዲዛይን) የምትጠቀሙ ከሆነ ዊንዶውስ ግዙ፤ ሦስቱም ለማክ አልተሠሩም። ሥራችሁ ጽሑፍ፣ ብሮውዘርና ቀለል ያለ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ከሆነ፣ ቻርጀር ይዞ መዞርም ከሰለቻችሁ፣ ኤም 1 ይሻላችኋል። አማርኛ ለመጻፍ ኪይማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ሁለቱም ላይ ይሠራል።