ኪውጂአይኤስ፦ ቅድሚያ ደን የሚለማበትን ቦታ ለመምረጥ ምን ያህል ይረዳል?

ኪውጂአይኤስ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ የካርታ ሥራ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ደንን መልሶ ለማልማት ከየት መጀመር እንደሚገባ ለመወሰን ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች መካከል በእኔ ግምት ቀዳሚው ነው። የመሬቱን ተዳፋትነት፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የዛፍ ሽፋኑን እና ከተረፈው ደን ያለውን ርቀት የሚያሳዩ ካርታዎችን፣ ለእያንዳንዳቸው ክብደት (የአስፈላጊነት ድርሻ) ሰጥቶ በራስተር ካልኩሌተር፣ ማለትም ካርታዎችን ነጥብ በነጥብ በሚያሰላው የሶፍትዌሩ መሣሪያ፣ መደመር ይቻላል፤ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ቦታም ቅድሚያ ያገኛል።

ጥንቃቄ የሚሻው ዝግጅቱ ነው። ከፍታው በሜትር፣ አግድም ርቀቱ ግን በዲግሪ እንደተለካ ተዳፋትነት ቢሰላ፣ ለጥ ያለው ሜዳ ሳይቀር ገደል ሆኖ ሊወጣ ስለሚችል፣ መረጃውን አስቀድሞ በሜትር ወደሚለካ ፕሮጀክሽን (ክቡን የምድር ገጽ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ወደሚያሳይ ሥርዓት) መቀየር ግድ ነው። አንዱ የምስል ነጥብ 30 ሜትር የሚሸፍንበትን የላንድሳት ሳተላይት ምስል፣ 10 ሜትር ከሚሸፍንበት የሴንቲኔል-2 ሳተላይት ምስል ጋር ሳያስተካክሉ መደመርም እንዲሁ ያሳስታል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ክብደቱ ነው። ለተዳፋትነት የተሰጠው ድርሻ ከ30 ወደ 40 በመቶ ከፍ ቢል የተመረጡት ቦታዎች ሊቀያየሩ ይችላሉ፤ ቁጥሩን የሚመርጠው ደግሞ ሶፍትዌሩ ሳይሆን ተጠቃሚው ነው። ሶፍትዌሩ ተፈጥሯዊ የሣር ምድርንም ከተመነጠረ ደን በራሱ አይለይም፤ ስለዚህ የመስክ ምልከታና በመሬቱ የሚጠቀሙ ሰዎች ሐሳብ ካልታከለበት፣ ዛፍ በቅሎበት የማያውቅ ሜዳ በዝርዝሩ አናት ላይ ሊቀመጥ ይችላል።