አፓቼ ካፍካ ከዴቤዚየም ጋር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የሽያጭ፣ የመጋዘንና የሂሳብ ሥርዓቶቻችን የየራሳቸው ዳታቤዝ አላቸው። ቀድሞ የሚገናኙት ሌሊት በሚተላለፍ ፋይል ስለነበር፣ ጠዋት የተሸጠ ዕቃ እስከ ማግስቱ ድረስ መጋዘን ውስጥ እንዳለ ይቆጠር ነበር። ይህን ለማስቀረት ካፍካን (መልእክት ተቀብሎ አቆይቶ ለሥርዓቶች የሚያደርስ ሶፍትዌር) እና ዴቤዚየምን (የዳታቤዝ ለውጦችን እየተከታተለ ወደ ካፍካ የሚልክ ሶፍትዌር) አቀናጅተን መሥራት ከጀመርን ወራት አልፈዋል። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ መረጃን በማድረስ በኩል የማማርርበት ነገር የለኝም። ተቀባዩ የደረሰውን እንዴት ይያዘው የሚለውን ግን ሙሉ በሙሉ ለእኛ ትቶታል፤ አብዛኛው ድካማችንም እዚያ ላይ ነው።

ዴቤዚየም ሰንጠረዦችን ደጋግሞ በመጠየቅ ዳታቤዙን አያደክምም። ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ለራሱ ደኅንነት የሚጽፈውን የለውጥ መዝገብ እያነበበ የተጨመረውን፣ የተሻሻለውንና የተሰረዘውን ሁሉ ወደ ካፍካ ይልካል። ስረዛን መያዙ ትልቅ ነገር ነው፤ መጨረሻ የተሻሻለበትን ሰዓት እያዩ የሚያመሳስሉ ፕሮግራሞች የጠፋን መስመር ከየት ያገኙታል? የሽያጩን ሶፍትዌር ኮድም መንካት አላስፈለገንም።

ካፍካ በበኩሉ መልእክት ስለተነበበ ብቻ አይጥለውም። ነባሪው ቅንብር (ካልቀየሩት የሚሠራው) 7 ቀን ያቆየዋል፤ የሂሳብ ሥርዓቱ ለጥገና ተዘግቶ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሌሎቹ መዘጋቱን እንኳ አያውቁም። ከሁሉም በላይ የወደድኩለት ይህን ነው።

አሁን ወደ ችግሮቹ። መልእክት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ሁለት ጊዜም ሊደርስ ይችላል። ካፍካ በ2017 «ልክ አንድ ጊዜ» የሚል ዋስትና ጨምሯል፤ ዋስትናው የሚሠራው ግን ከካፍካ ተነብቦ ወደ ካፍካ ለሚጻፍ ነገር ነው። ተቀባዩ ወደ ራሱ ዳታቤዝ ሲጽፍ አይሸፍነውም። ስለዚህ የሂሳብ ሥርዓቱ የእያንዳንዱን ክፍያ መለያ ቁጥር ክፍያው በሚመዘገብበት በዚያው የዳታቤዝ ግብይት (ሁሉም አብሮ የሚጸና ወይም አብሮ የሚቀር የምዝገባ ሥራ) ውስጥ ይይዛል፤ ቁጥሩ ቀድሞ ካለ ያልፈዋል። ይህን ሳያዘጋጁ ገንዘብ ነክ መረጃ ማስተላለፍ ድፍረት ነው።

ቅደም ተከተልም የሚጠበቀው በአንድ ፓርቲሽን (የመልእክት መስመር ክፋይ) ውስጥ ብቻ ነው። ትእዛዙና የትእዛዙ ዝርዝር በሁለት ሰንጠረዥ ስላሉ በሁለት ቶፒክ (የመልእክት መስመር) ይመጣሉ፤ ዝርዝሩ ከትእዛዙ ቀድሞ መድረሱ ብርቅ አይደለም። ተቀባዩ እናቱን ያላየ ልጅ ሲመጣበት ስሕተት ብሎ መጣል ሳይሆን አቆይቶ መጠበቅ አለበት።

እንቅልፍ የሚነሳው ግን ሌላ ነው። አንባቢው ዴቤዚየም መቀበሉን እስኪያረጋግጥ ድረስ ፖስትግሬስ የለውጥ መዝገቡን አይሰርዝም። ዴቤዚየም ቆሞ ማንም ካላስተዋለ መዝገቡ ይከመርና ዲስኩን ይሞላል፤ የሚቆመውም ሽያጩን የሚያካሂደው ዳታቤዝ ራሱ ነው! ከ13ኛው የፖስትግሬስ ስሪት ጀምሮ ለክምችቱ ጣሪያ ማበጀት ይቻላል፤ ነባሪው ግን ገደብ የለውም። ጣሪያው ከታለፈ ደግሞ የተቆረጠው መዝገብ አይመለስም፤ ሰንጠረዦቹን እንደገና ከመጀመሪያ መቅዳት ይመጣል። እኛ ጣሪያውን አበጅተን፣ ክምችቱ ገና ሲጀምር የሚጮኽ ማስጠንቀቂያም አክለንበታል።

አንድ የሚያስቅ ነገር፦ መልእክቶቹን በጄሰን (መረጃ በጽሑፍ የሚጻፍበት ቅርጸት) ስንቀበል የገንዘብ ዓምዶች ትርጉም በሌላቸው ፊደላት መጡ። ዴቤዚየም የአስርዮሽ ቁጥር ትክክለኛነት እንዳይዛባ ብሎ በባይት ይልካቸዋል። ቁጥሩን በጽሑፍ እንዲልክ የሚያደርግ ቅንብር አለው፤ ከመጀመሪያው ቀን ያብሩት።

ካፍካን መትከል ከቀድሞው ቀልሏል፤ በ2025 የወጣው 4.0 ስሪት ካፍካን ለማስተባበር ለብቻው ይተከል የነበረውን ዙኪፐር የተባለ ሶፍትዌር ጨርሶ አስወግዶታል። እንዲያም ሆኖ ሦስት ሰርቨር፣ የእያንዳንዱን መልእክት ሦስት ቅጂና የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። የሚገናኙት ሥርዓቶች ሁለት ብቻ ከሆኑና የአንድ ሌሊት መዘግየት የማይጎዳዎት ከሆነ የፋይሉን መንገድ አይተዉት። እኛ ግን የግዢውን ሥርዓት አራተኛ አድርገን ልንጨምር ነው።